ከማይክራፎኑ በፊት ክፍሉ፦ ድምፃችንን በቤታችን አጥርተን እንቅረጽ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን ቤታቸው ሆነው ድምፃቸውን ለሚቀርጹ ሁሉ የተሰናዳ ነው። መጽሐፍ የምትተርኩ፣ ትምህርት ቀርጻችሁ ለተማሪዎቻችሁ በቴሌግራም የምትልኩ፣ በዩቲዩብ ዝግጅት ያላችሁ፣ በሰው አገር ሆናችሁ ልጆቻችሁ አማርኛ እንዳይረሱ ተረት የምትቀርጹላቸው፣ የአያቶቻችሁን ወግ ከአንደበታቸው ተቀብላችሁ ለማስቀረት ያሰባችሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና ጠጋ በሉ።

ድምፅ ብቻውን ስንት ነገር እንደሚሸከም የሬዲዮ አድማጭ ጠንቅቆ ያውቃል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ አድማጩ ሰብለ ወንጌልንም ጉዱ ካሳንም የተዋወቃቸው በጆሮው ብቻ ነው። የፊት ገጽታ አላየም፤ የእጅ እንቅስቃሴ አላየም። ሁሉንም የተሸከሙት የተራኪው ትንፋሽ፣ ፋታውና የድምፁ መውጣትና መውረድ ናቸው። እንዲህ ያለው ረቂቅ ነገር በክፍሉ ማስተጋባት ከተዋጠ ወይም በፍሪጅ ጩኸት ከተሸፈነ ግን፣ ተራኪው የቱንም ያህል ቢለፋ ለአድማጩ የሚደርሰው ተቀንሶ ነው።

ቤታቸው የሚቀርጹ ሰዎች ቅሬታ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ድምፄ ይርቃል፤ ያስተጋባል፤ ከሥሩ ሽሽሽ የሚል ነገር አለ።» ከቅሬታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ይታወቃል፦ «የትኛውን ማይክ ልግዛ?» የዛሬው ትምህርታችን መልስ ይህ ነው፦ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ ክፍሉን፣ ቀጥሎ ርቀቱን አስተካክሉ። የማይኩ ተራ ከነዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ሰው በእጁ ባለው ስልክ የሚያምር ቅጂ ያወጣል። ቅደም ተከተሉን የዘለለ ሰው ግን ውድ ማይክ ገዝቶም ያው ቅሬታ አይቀርለትም፤ እንዲያውም ጥሩ ማይክ የክፍሉን ጉድ አጉልቶ ያሳያል።

በቃል ከምነግራችሁ ይልቅ በጆሯችሁ ብትፈርዱ ይሻላል። ለዚህ ዝግጅት ሁለት ቅጂዎችን አዘጋጅተናል። ስልኩ አንድ ነው፤ ተናጋሪው አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም አንድ ነው።

(ቅጂ አንድ፤ የኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ፦ «በጠዋት ተነሥቼ በራፋችን ላይ የበቀለችውን ፓፓያ ውሃ አጠጣኋት።»)

(ቅጂ ሁለት፤ መኝታ ቤት፣ የተከፈተ ቁም ሣጥን ፊት ለፊት፣ ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ፦ «በጠዋት ተነሥቼ በራፋችን ላይ የበቀለችውን ፓፓያ ውሃ አጠጣኋት።»)

ልዩነቱን ሰማችሁት። በመጀመሪያው ቅጂ ቃላቱ ጫፋቸው ተድበስብሷል፤ «አጠጣኋት» ከተባለ በኋላ እንኳ የክፍሉ ድምፅ ጥቂት ይቆያል። በሁለተኛው ግን እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ጥርት ብሎ ይሰማል። በሁለቱ መካከል አንድ ሳንቲም አልወጣም። የተቀየረው ቦታውና ርቀቱ ነው።

አሁን ምክንያቱን እንይ። ድምፅ በክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአፋችሁ የወጣው ድምፅ በቀጥታ ወደ ማይኩ ይሄዳል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ወለሉና ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። ግድግዳው ሁለት ሜትር ቢርቅ፣ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ አራት ሜትር ይጓዛል፤ ይህም ከአንድ ሰከንድ መቶኛ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል። እንግዲህ ማይኩ አንዱን ቃል አንድ ጊዜ ከአፋችሁ፣ ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ከግድግዳው፣ ከዚያ ከጣሪያው፣ ከዚያ ከወለሉ ደጋግሞ ይቀበላል። እነዚህ ሁሉ ተደራርበው ነው ድምፁን የሚያርቁትና የሚያደፈርሱት።

«ታዲያ እኔ ክፍሌ ውስጥ ሳወራ ይህ ለምን አይሰማኝም?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ጆሮዎችና በመካከላቸው አእምሮ ስላላችሁ ነው። አእምሯችን ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ ይከተልና ዘግይቶ የመጣውን ችላ ይለዋል። ማይክራፎን ግን ይህን መምረጥ አይችልም፤ የደረሰውን ሁሉ እኩል ይጽፋል። ስለዚህ ክፍሉን በልማድ ጆሯችሁ አትመኑት፤ በማጨብጨብ ፈትኑት። ክፍሉ መካከል ቆማችሁ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ።

(ጭብጨባ፣ ባዶ ሳሎን ውስጥ)

ከጭብጨባው በኋላ የሚከተለውን ጥዝዝ የሚል ጭራ ሰማችሁት? አሁን ደግሞ መኝታ ቤት ውስጥ፦

(ጭብጨባ፣ ፍራሽ፣ መጋረጃና ልብስ ባለበት ክፍል ውስጥ)

እዚህ ጭብጨባው እንደተሰማ ወዲያው ተቆረጠ። ለቀረጻ የምትመርጡት ክፍል ይህን የሚመስለው ነው።

ይህን የማስተጋባት ጭራ መጀመሪያ በቁጥር የለካው ሰው ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ይባላል፤ በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ፎግ የተባለው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም አዲስ ተሠርቶ ሲከፈት፣ በውስጡ ያለው የትምህርት አዳራሽ ለንግግር የማይሆን ሆኖ ተገኘ። መምህሩ አንድ ቃል ሲናገር ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ለ5 ሰከንድ ተኩል ያህል ይቆይ ነበር። አንዱ ቃል ሳይጠፋ ሌላው እየተደረበ ተማሪው የሚሰማው ሁካታ ብቻ ሆነ። ችግሩን እንዲፈታ የታዘዘው ሳቢን ነበር። እሱም ከተማዋ ጸጥ ስትል በሌሊት ከአቅራቢያው የሳንደርስ ቲያትር የመቀመጫ ትራሶችን እያስመጣ በአዳራሹ ውስጥ ይደረድራል፤ የኦርጋን ቧንቧ ያስነፋና ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ በሰዓት ይለካል። ትራስ ሲጨመር ጊዜው ያጥራል፤ ሲቀነስ ይረዝማል። ከዚህ ሥራው የወጣው ቀመር ዛሬም የአዳራሽ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ነው፤ በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽም በእሱ ምክር የተሠራ ነው።

ልብ በሉ፤ ሳቢን በሙከራው የአዳራሹን ማስተጋባት የቀነሰው በትራስ ነው። ትራስ ደግሞ በየቤታችን አለ። ድምፅ ለስላሳና ወፍራም ነገር ውስጥ ሲገባ፣ በቃጫዎቹ መካከል ሲሽሎከሎክ ጉልበቱ ያልቅና ሳይመለስ ይቀራል። ሴራሚክ፣ መስታወት፣ ልሙጥ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ግን ድምፁን እንዳለ ይመልሱታል። ስለዚህ ቤታችሁን ዞራችሁ ስታዩ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ «በዚህ ቤት ውስጥ ብዙ ጨርቅ ያለው የት ነው?» ብዙ ጊዜ መልሱ መኝታ ቤት ነው። ፍራሽ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን አለ፣ መጋረጃም አለ።

አደራረጉ እንዲህ ነው። የቁም ሣጥኑን በር ክፈቱና ፊታችሁን ወደ ልብሶቹ አዙሩ። ከጀርባችሁ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ በገመድ ላይ ስቀሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ጀርባውን ነው። የአብዛኞቹ የስቱዲዮ ማይኮች ጆሮ ወደ ተናጋሪው የዞረ ነው፤ ወደ እናንተ ሲያዳምጡ ከኋላችሁ ያለውን ግድግዳም አብረው ያዳምጣሉ። ብርድ ልብሱን ግድግዳው ላይ ከመለጠፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ማንጠልጠል የተሻለ ይሠራል፤ ዝቅ ያሉትን የድምፅ ሞገዶችም ይይዛል። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ምንጣፍ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፉበት። ጠረጴዛ ፊት ከሆናችሁ ወፍራም ፎጣ ጣል አድርጉበት፤ ጠረጴዛ ለማይኩ እጅግ የቀረበ ግድግዳ ነውና። ከክፍሉ ማዕዘንም ራቁ፤ ጎርናናው ድምፅ እዚያ ተከማችቶ ንግግሩን ያፍነዋል።

የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ምክር ነው። አትልፉ። ካርቶኑ ስስ ስለሆነ ከቀጭኑ ድምፅ ጥቂት ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ዋናውን የሰው ድምፅ አይይዝም፤ በዚያ ላይ እሳት ቶሎ ይበላዋል። አንድ ደህና ብርድ ልብስ ግድግዳ ሙሉ ካርቶን ይበልጣል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

እስካሁን ያነሣነው የራሳችን ድምፅ ከግድግዳ ተመልሶ የሚያመጣውን ችግር ነው። የሌሎች ነገሮች ጩኸት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ ማስተጋባትን ያጠፋሉ እንጂ ከውጭ የሚመጣን የመኪና ወይም የጄነሬተር ድምፅ አያግዱም። ለዚያ መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። ሰፈራችሁ መቼ ጸጥ እንደሚል ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለአንዱ ሌሊት ነው፣ ለሌላው ልጆች ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ ያለው ረፋድ ነው። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን ቀረጻውን ማቆየት እንጂ ሌላ ዘዴ የለም።

ቤት ውስጥ ያለውን ጩኸት ለማወቅ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ለአንድ ደቂቃ ዝም በሉ። ፍሪጁ፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ፣ የግድግዳ ሰዓቱ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፤ አንድ በአንድ ይሰሟችኋል። ፍሪጁን ለቀረጻው ጊዜ ብቻ ከሶኬት ንቀሉት። መልሶ መሰካት እንዳይረሳ ደግሞ የቤት ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ሳታስታውሱት ከቤት አትወጡም። ላፕቶፑ ከማይኩ ይራቅ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ መልእክት ሲገባ የሚሰማው ትርርታ ያማረ ትረካ መካከል እንዳይገባባችሁ።

ሌላው እምምም የሚል ዝቅ ያለ ድምፅ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ነው። በአገራችን መብራቱ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ እምምታው በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ ላይ ይሰማል፤ አሜሪካ ላላችሁ አድማጮች ደግሞ በ60 ኸርዝ። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ። እምምታው ከጠፋ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው፤ በባትሪ መቅረጽ ነው መላው። ካልጠፋ የማይኩን ገመድ ከኤሌክትሪክ ገመዶች አርቁት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዋና ጉዳይ፣ ወደ ርቀት እንምጣ። መለኪያችሁ በእጃችሁ ላይ ነው፤ አንድ ስንዝር። አውራ ጣታችሁን ከንፈራችሁ ላይ አድርጋችሁ ትንሿ ጣታችሁ የደረሰችበት ቦታ ላይ ማይኩ ይቀመጥ። ይህም ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምክንያቱ ይኸውና። ርቀቱን እጥፍ ባደረጋችሁ ቁጥር ከአፋችሁ በቀጥታ ወደ ማይኩ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የድምፁ ግፊት ግማሽ ይሆናል ማለት ነው። በሁለት ስንዝር ግማሽ፣ በአራት ስንዝር ሩብ። ክፍሉ የሚመልሰው ድምፅ ግን በሁሉም ቦታ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ስለዚህ በራቃችሁ ቁጥር እናንተ ታንሳላችሁ፣ ክፍሉ ይገንናል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ከአፋችሁ ሦስትና አራት ስንዝር ይርቃል፤ የመጀመሪያው ቅጂያችን የተበላሸበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«እንግዲያው አፌ ላይ ልለጥፈው?» ካላችሁ፣ እሱም ልክ አይደለም። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዳምጡ ማይኮች በጣም ሲቀርቧቸው ጎርናናውን ድምፅ ከመጠን በላይ ያጎላሉ፤ የትንፋሹም ነፋስ ይመታቸዋል። ርቀታችሁን ከመረጣችሁ በኋላ ደግሞ አትቀያይሩት። በትረካው መካከል ወደ ወረቀቱ ጎንበስ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዘንበል ካላችሁ፣ ድምፃችሁ ሲቀርብና ሲርቅ ይሰማል። የምታነቡትን ወረቀት በዓይናችሁ ትይዩ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ አንገታችሁም ደረታችሁም ክፍት ይሆናል።

ነፋሱን ካነሣን፣ አንድ ሙከራ አብረን እንሥራ። መዳፋችሁን ከአፋችሁ ፊት አድርጉና «ፓፓያ» በሉ። ነፋሱ መዳፋችሁን መታው አይደል? አሁን «ሰላም» በሉ። እንደዚያ አይደለም። ፐ፣ በ እና ፈ ትንፋሽን ገፍተው ያወጣሉ፤ ያ ነፋስ የማይኩን ስስ ቆዳ ሲመታ «ድብ» የሚል ድምፅ ይሰማል። «ጴጥሮስ» ስትሉ ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። እንደ ጰ፣ ጠ፣ ቀ እና ጨ ያሉት ፊደሎቻችን የሚፈጠሩት ጉሮሮ ተዘግቶ ስለሆነ ነፋሳቸው አጭርና ትንሽ ነው፤ ፍንጣቂያቸው ግን ስለታም ነው። ስለዚህ አማርኛ ስንቀርጽ ሁለቱንም እናስብ፦ ለነፋሱ አቅጣጫ መቀየር፣ ለፍንጣቂው ደግሞ የድምፅ መጠኑን ከፍ አድርጎ አለመቅረጽ።

አቅጣጫ ለመቀየር ማይኩን በአፋችሁ ትክክል ፊት ለፊት አታድርጉት። ወደ አፋችሁ ጥግ ወሰድ አድርጉና ፊቱን ወደ ከንፈራችሁ አዙሩት። ድምፅ በየአቅጣጫው ይሰራጫል፤ ነፋስ ግን ፊት ለፊት ይሄዳል፤ በዚህ አቀማመጥ ነፋሱ ማይኩን አልፎት ይሄዳል፣ ድምፁ ይያዛል። በተጨማሪም የነፋስ መከለያ በቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሽቦ በክብ አጥፉና አሮጌ ስቶኪንግ ወጥራችሁ እሰሩበት፤ ከማይኩ አራት ጣት ያህል አርቃችሁ አቁሙት። ጨርቁ ነፋሱን ይበታትነዋል፣ ድምፁን ግን ያሳልፋል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ክፍሉም ርቀቱም ከተስተካከሉ ስለ ማይኩ ማውራት እንችላለን። ስልካችሁ ያለው ማይክ ለጅምር ይበቃል። ብዙውን ጊዜ ዋናው ቀዳዳ ከሥሩ፣ ከቻርጀር መሰኪያው አጠገብ ነው፤ ሽፋኑ እንዳይደፍነው፣ ጣታችሁም እንዳይሸፍነው ተጠንቀቁ። ስልኩን በእጅ አትያዙት፤ የጣት እንቅስቃሴ ሁሉ ይቀረጻል። ትራስ ወይም የመጻሕፍት ቁልል ላይ አስደግፉት። ከስልኩ ቀጥሎ ርካሹና ጠቃሚው እርምጃ በገመድ የሚሰካ የደረት ማይክ ነው፤ ከአገጭ ሥር አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ሲቆነጠጥ ርቀቱን ራሱ ይጠብቅላችኋል። በብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ማይክ ግን ትረካ አትቅረጹ። ለስልክ ጥሪ የተሠራው የብሉቱዝ መስመር ድምፁን አጥብቦ ስለሚልከው የድምፁ ጥራትና ውበት ይቀራል።

ትላልቆቹ ማይኮች በሁለት ይከፈላሉ። ዳይናሚክ የሚባለው መድረክ ላይ የምታዩት ዓይነት ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ከቅርብ የመጣን ድምፅ ይይዛል፣ የራቀውን ብዙም አያነሣም። ክፍላቸው የሚያስተጋባ፣ ሰፈራቸው የሚጮህ ሰዎች ይህን ቢመርጡ ይጠቀማሉ። ኮንደንሰር ደግሞ እጅግ ንቁ ነው፤ የከንፈርን እርጥበት ሳይቀር ይሰማል፣ የጎረቤትንም ቴሌቪዥን እንዲሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከሚሰካበት የድምፅ ካርድ 48 ቮልት ይፈልጋል። ኮንደንሰርን ወደ ትንሽነትና ወደ ርካሽነት ያመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ የሠሩት ኤሌክትሬት የተባለው ፈጠራ ነው፤ ዛሬ ደረታችን ላይ የምንቆነጥጣቸው ትንንሽ ማይኮች በዚያው መንገድ የሚሠሩ ናቸው። ማይክ ከገዛችሁ አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ፊቱ የት ነው? ብዙ የስቱዲዮ ኮንደንሰሮች የሚያዳምጡት በጎናቸው እንጂ በአናታቸው አይደለም። አናቱ ላይ የሚናገር ሰው ጥሩ ማይክ ይዞ ደካማ ድምፅ ያገኛል።

ወደ ቅንብሩ ስንሄድ ነገሩ ቀላል ነው። ፋይሉ ዋቭ ይሁን፤ ጥራቱ 48,000 ኸርዝ፣ ከተቻለ 24 ቢት። በአንድ ቻናል ሲቀረጽ በደቂቃ ከ9 ሜጋ ባይት ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። በዲጂታል ቀረጻ ዜሮ ዴሲቤል የመጨረሻው ድንበር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ድምፅ ተቆርጦ ይሰነጠቃል፣ ተመልሶም አይጠገንም። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ በምትናገሩበት ቦታ ጠቋሚው ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች እንዲቆም ጌይኑን፣ ማለትም የመቅረጫውን የድምፅ መቀበያ መጠን፣ አስተካክሉ። ድምፁን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አውቶማቲክ ቅንብር ካለ አጥፉት፤ ዝም ስትሉ የክፍሉን ሽሽታ እየጎተተ ያወጣዋል። ከመጀመራችሁ በፊት ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ቅረጹና በጆሮ ማዳመጫ አድምጡ። በስልክ ስፒከር ጥሩ የመሰለ ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ስንት ጉድ ያወጣል! በመጨረሻም ንግግር ከመጀመራችሁ በፊት ለ10 ሰከንድ ያህል ዝም ብላችሁ ክፍሉን ብቻ ቅረጹ። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

ከቀረጻ በኋላ ኦዳሲቲ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የተሳሳተውንና የተደጋገመውን ቁረጡ። ቀጥሎ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ አስወግዱ፤ በንግግር ውስጥ ብዙም ጥቅም የሌለው የመኪና ጉርምርምታና የጠረጴዛ ንዝረት የሚኖረው እዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ያቺን የ10 ሰከንድ ጸጥታ ምረጡና ፕሮግራሙ የክፍላችሁን ሽሽታ እንዲያውቅ አድርጉ፤ ከዚያ ከሙሉው ቅጂ ላይ በመጠኑ ይቀንስላችኋል። በመጠኑ ያልኩት አለምክንያት አይደለም፤ ከበዛ ድምፁ እየተንቦጫረቀ የሰው ድምፅነቱን ያጣል። አራተኛ፣ በኮምፕሬሰር የጎላውንና ያነሰውን ቀስ አድርጋችሁ አቀራርቡ። መጨረሻ ላይ አጠቃላይ የድምፅ መጠኑን አስተካክሉ።

ሽሽታን በፕሮግራም መቀነስ ይቻላል። ማስተጋባት ግን ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው ነው፤ አንዴ ከቃላቱ ጋር ከተዋሐደ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ የሚጥለው የለም። ክፍሉን መጀመሪያ ያስቀደምነው በዚህ ምክንያት ነው። ስትልኩም ተጠንቀቁ። በቴሌግራም የማይክ ምልክቷን ተጭኖ የሚላክ የድምፅ መልእክት መጠኑ እንዲያንስ ተጨምቆ ነው የሚሄደው። ለሬዲዮ ጣቢያ ወይም ለአሳታሚ የምትልኩ ከሆነ በፋይል መልክ አያይዛችሁ ላኩት፤ ዋናውንም ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ።

አድማጮቼ፣ ይህ ሁሉ ዝግጅት ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁና ላብቃ። የቀረጻ ሁሉ ክቡሩ የአረጋውያን ድምፅ ነው። ተራኪ ከተሳሳተ ደግሞ ያነባል፤ አያታችን ግን ያንን ወግ በዚያው ለዛ ሁለተኛ ላይነግሩን ይችላሉ። ስለዚህ እሳቸውን ስትቀርጹ ሁሉንም አስቀድማችሁ ጨርሱ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ቅጂው ለማን እንደሚደርስም ንገሯቸው። ሴራሚክ ያለው ሳሎን ውስጥ ሳይሆን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ባለበት ይቀመጡ። የደረት ማይኩን ነጠላቸው እንዳይነካካው አድርጋችሁ ልብሳቸው ላይ ቆንጥጡ፤ ነጠላ ማይክ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ኮሽታ ብዙ ቃል ያበላሻል። ቡናው ከተፈላ በኋላ ይቀረጽ፤ ሲኒ ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ ሹል ነውና። በሁለተኛ ስልክ መጠባበቂያ ቅጂ ያዙ። ሲናገሩ በ«እህ» እና በ«አዎን» አትደራረቡባቸው፤ በዓይናችሁና በራሳችሁ ንቅናቄ አበረታቷቸው። በመጀመሪያው ደቂቃ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን አገርና ዕለቱን ራሳቸው እንዲናገሩ አድርጉ፤ ፋይሉ ከቤት ወደ ቤት ቢዘዋወርም የማን ድምፅ እንደሆነ አይጠፋም።

ለሳምንት የሚሆን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ውስጥ ክፍል በክፍል እየዞራችሁ አጨብጭቡ፤ ጭራ የሌለውን ክፍል ምረጡ። እዚያ አንድ ገጽ ከአንድ ስንዝር ርቀት አንብባችሁ ቅረጹ፤ ያንኑ ገጽ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ስልክ ደግማችሁ ቅረጹ፤ ሁለቱንም በጆሮ ማዳመጫ አድምጡ። ልዩነቱን ከሰማችሁ ወዲያ ማይክ መግዛት ያስፈልጋችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን እውነተኛ ቀረጻችሁን ከቤታችሁ ትልቅ ሰው ጀምሩ፤ ጊዜ የማይሰጠው የእሳቸው ድምፅ ነው።



(የመውጫ ሙዚቃ)